ቱቦው የገባበት ቀን

እናቱ የላብራቶሪውን መስኮት ያንኳኩት 21 ባዶ ብልቃጦች በጥቁር ፌስታል ቋጥረው ነው። ብልቃጦቹ የሜሮፔኔም፣ የአንድ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ናቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ግራም፣ ለ7 ቀናት። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስላልነበረ የተገዛው ከውጭ ነው። ገንዘቡን ያዋጡት ዘመዶችና የእድር ሰዎች በመሆናቸው፣ የሚጠይቅ ቢመጣ ማሳየት አለብኝ ብለው ባዶውን አንድ በአንድ ሰብስበውታል። ፌስታሉን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ መድኃኒት የት ገባ?» አሉኝ። ልጃቸው በፅኑ ሕሙማን ክፍል ከተኛ 22ኛ ቀኑ ነበር። ለቀናት ጠፍቶ የነበረው ትኩሳት በዚያ ጠዋት ተመልሶ መጥቷል።

እኔ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ነኝ። በጊዜው ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የማጠናው በፅኑ ሕሙማን ቱቦዎች ላይ ስለሚያድገው ባዮፊልም፣ ማለትም በዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተጣብቆ ስለሚኖር የባክቴሪያ ስብስብ፣ ነበር። ጥያቄው ከማንም በፊት እኔን የሚመለከት ቢሆንም የሰጠኋቸው መልስ ግማሽ ብቻ ነበር። ቀሪውን ያገኘሁት በማግስቱ፣ ቱቦው እጄ ከገባ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈው የአንድ ታካሚንና የአንድ የሽንት ቱቦን ታሪክ ነው። እናቱ በጣት አሻራቸው ፈቅደዋል፤ እሱም ከነቃ በኋላ ፈቃዱን በራሱ አንደበት ሰጥቶኛል። ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላነሣም።

ከመንገዱ እስከ አልጋ ቁጥር 4

ሆስፒታሉ ያለው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየሙ አብቅቶ የጤፍ ማሳው በሚጀምርበት አካባቢ ነው። በዚህ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ሌሊትም ቀንም አይቋረጥም። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ ወደብ የሚመላለሰው ጭነት ብዙው በእኛ ደጅ ያልፋል። ወጣቱ 26 ዓመቱ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው ተገልብጦ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የንቃቱ መጠን በግላስጎው መለኪያ ከ15 ነጥብ 7 ነበር። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው የአየር መንገዱን በራሱ መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ወዲያው ከመተንፈሻ ማሽን ጋር ተያያዘ።

በዚያው ሰዓት የሽንት ቱቦ ገባለት። ቁጥር 16፣ ከላቴክስ የተሠራ፣ ፊኛ ውስጥ እንዲቆይ ጫፉ ላይ በውኃ የሚነፋ ትንሽ ባሉን ያለው፣ ሁላችንም ፎሊ የምንለው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ በ1930ዎቹ ያበጀው መሣሪያ ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ቁጥር 16 ማለት የውጭ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው፤ ሽንት የሚወርድበት የውስጥ ቀዳዳ ከዚያም ይጠባል። ይህን ጥበት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ቱቦውን ማስገባቱ ተገቢ ነበር። እንዲህ ባለ ጉዳት የሽንት መጠን በየሰዓቱ ካልተለካ ሐኪሙ የሰውነቱን ፈሳሽ መቆጣጠር አይችልም። ጥያቄ ያለብኝ በኋላ በሆነው ነገር ነው።

በ2ኛው ቀን ለሲቲ ስካን ወደ መሀል ከተማ ተወሰደ፤ ማሽኑ እኛ ዘንድ የለም። በነርሶች መዝገብ ላይ ከሆስፒታሉ የወጣው ከጠዋቱ 4፡20፣ የተመለሰው ከቀኑ 9፡45 ነው። ከእሱ ጋር የሄደችውን ነርስ ከሳምንታት በኋላ ጠየቅኋት።

«ሲስተር፣ በመንገድ ላይ የሽንት ከረጢቱ የት ነበር?»

ጥቂት አሰበችና «ጭኖቹ መሀል አስቀመጥኩት» አለችኝ። «አምቡላንሱ ማንጠልጠያ የለውም። መሬት ላይ እንዳልጥለው ፈራሁ፤ እጄ ደግሞ መተንፈሻውን እየጨመቀ ነበር።»

እውነቱን ስለነገረችኝ አከብራታለሁ። በአንድ እጅ ትንፋሽ የሚሰጥ ሰው በሌላው ከረጢት ዝቅ አድርጎ ለአምስት ሰዓት መያዝ አይችልም። ነገር ግን ከረጢቱ ከፊኛው ከፍ ካለ፣ በከረጢቱና በቱቦው ውስጥ የቆየው ሽንት የያዘውን ሁሉ ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድሮ ሽንቱ በክፍት ዕቃ ውስጥ ይጠራቀም በነበረበት ዘመን፣ ቱቦ የገባለት ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል በአራት ቀን ውስጥ ሽንቱ በባክቴሪያ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመራማሪው ካልቪን ኩኒንና ባልደረባው ቱቦና ከረጢቱ ተዘግተው ከተያዙ ይህ በብዙ እንደሚዘገይ አሳዩ። መዘጋቱ የሚጠቅመው ግን ፈሳሹ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ከሆነ ነው። ባክቴሪያው የገባው በዚያ መንገድ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ በቱቦው ውጫዊ ገጽ ከቆዳ ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣትም ይችላል። የጉዞውን ቀን ግን ከምርመራዬ አውጥቼ ልተወው አልቻልኩም።

ሁለቱ ናሙናዎች

በ8ኛው ቀን ትኩሳቱ 38.7 ደረሰ። ከገባ ጀምሮ ሴፍትሪያክሶን የሚባል ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ሽንቱ ደፍርሷል። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት፣ ናሙና ተላከ።

በዚያ ናሙና ውጤት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓይነት ባክቴሪያ አደገ። በላብራቶሪያችን ልማድ ከሁለት በላይ ዓይነት ካደገ ናሙናው በአወሳሰድ ጊዜ ተበክሏል ይባላልና «የተበከለ ናሙና፤ በድጋሚ ይላክ» ብዬ ጻፍኩ። ከመንገድ መጥቶ በጠርሙስ ሽንት ለሚሰጥ ጤነኛ ሰው ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ቱቦ ከገባለት 8 ቀን ለሆነው ሰው ግን የብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አብሮ መገኘት ብክለት ላይሆን ይችላል፤ ቱቦ ላይ የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ ተደባልቀው ነው። የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና የናሙናው ዓይነት አለ። ቱቦ ይኑረው አይኑረው፣ ካለውም መቼ እንደገባ የሚል መስመር የለም። የአልጋ ክፍሉን አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም። በኋላ እንደተረዳሁት ደግሞ ናሙናው የተቀዳው ከከረጢቱ ነበር፤ ሰዓታት የቆየ ሽንት በሞቀ ክፍል ውስጥ ራሱ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ነው። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ሦስት ቀን ጠፋ። የሦስቱን ቀን ዕዳ የምሸከመው ከማንም ጋር ተካፍዬ አይደለም።

ሁለተኛው ናሙና በመርፌ በቀጥታ ከቱቦው ተወሰደ። ክሌብሲየላ ኒሞኒዬና ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ አደጉ። ክሌብሲየላው ሴፍትሪያክሶንን ይቋቋማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዝርዝር እጅግ አሳሳቢ ብሎ ከመደባቸው ወገኖች ነው። መድኃኒት የያዘ ትንሽ ወረቀት ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ በሚቀመጥበት የዲስክ ምርመራ ሁለቱም ለሜሮፔኔም ተሸናፊ ሆነው ተገኙ። አንድ ወጣት ሐኪም ርካሹን ናይትሮፉራንቶይን እንሞክር ብሎ ነበር፤ ፕሮቲየስ ግን ለዚያ መድኃኒት በተፈጥሮው አይበገርም። በ13ኛው ቀን ሜሮፔኔም ተጀመረ። በሁለት ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ በ19ኛው ቀን 21ኛው ብልቃጥ አለቀ፤ በ22ኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በውስጡ ያለው ቱቦ በመጀመሪያው ቀን የገባው ራሱ ነበር።

ለእናቱ በመስኮቱ በኩል ያልኳቸው ይህን ነው። «እማማ፣ መድኃኒቱ በሽንቱ ውስጥ የሚዋኙትን ገድሏል። ቱቦው ላይ ተጣብቀው የተቀመጡ ግን ይኖራሉ፤ በላያቸው የሚያዝለገልግ ነገር ሠርተው ይደበቃሉ።»

ፊታቸው ላይ መገረም አልነበረም። «ጋኑ ሳይታጠብ ነዋ የጠመቃችሁት» አሉኝ።

የጠላ ጋን በግራዋ ታሽቶ፣ በወይራ ታጥኖ ነው ጥንስሱ የሚገባበት። ያለፈው ጠላ አተላ በጋኑ ግድግዳ ላይ ከቀረ፣ አዲሱ የቱንም ያህል በጥሩ ጌሾና ብቅል ቢጠመቅ ይበላሻል። እሳቸው ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ባዮፊልም እርግጥ ተራ እድፍ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ሰፈር ነው። ነገር ግን ምሳሌያቸው ወሳኙን ነገር ይዟል፤ ጥፋቱ ያለው ዕቃው ላይ ነው። ልዩነቱ ጋን ይታጠባል፣ ቱቦ አይታጠብም። ሰው ውስጥ እንዳለ ልናሸው፣ ልናጥነው አንችልም። ማድረግ የምንችለው ማውጣት ብቻ ነው። በዚያች ቀን ይህን ለሐኪሙ ደውዬ ተናገርኩ፤ ማለዳ እንቀይረዋለን ተባባልን።

ማለዳ ድረስ አልቆየም። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ተረኛዋ ነርስ ከረጢቱ ውስጥ ከምሽት ጀምሮ ምንም አለመጨመሩን አየች። የታችኛው ሆዱ ተወጥሮ ነበር። በቱቦው በኩል ንጹሕ የጨው ውኃ ለመስደድ ስትሞክር አልሄደም። የተረኛው ሐኪም የባሉኑን ውኃ አውጥቶ ቱቦውን ሲስበው በቀላሉ አልመጣለትም፤ ቀስ ብሎ፣ እየጠበቀ አወጣው። ተከትሎ የወጣው ሽንት ከአንድ ሊትር በላይ ነበር። ደም ነክቶታል።

ቱቦው በላብራቶሪ

ነርሷ ቱቦውን ወደ ቆሻሻ ሳትጥል በንጹሕ ዕቃ አድርጋ አቆየችልኝ። ማለዳ ስከፍተው ጫፉና ባሉኑ የነበረበት ቦታ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየተጋገረ የሚከማቸውን ነጭ ጨው በሚመስል ነገር ተሸፍኗል። በጓንት ስነካው እንደ አሸዋ ይከረክራል። ዓይን የምንለው የጎን ቀዳዳ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። በወረቀት የለካሁት የሽንቱ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱና የአልካላይንነቱ መለኪያ፣ 8.5 ነበር፤ አልካላይን ነው። ፒኤችን ሳይ የማንን ሥራ እንደማይ ወዲያው ገባኝ።

ፕሮቲየስ ዩሪየዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ኢንዛይሙ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብሮ አሞኒያ ያደርገዋል። አሞኒያው ሽንቱን አልካላይን ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን በሽንት ውስጥ ሟሙተው የነበሩት ማግኒዚየምና ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ተያይዘው ወደ ጠጣርነት ይለወጣሉ። ጠጣሩ ባክቴሪያዎቹ በሠሩት ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ይያዛል። ከቱቦው የፋቅሁትን ትንሽ ነገር በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ በመማሪያ መጻሕፍት የሬሣ ሣጥን ክዳን ይመስላሉ የሚባሉት ክሪስታሎች ሞልተውበታል። ልጁ ከተኛበት ሃያ እርምጃ ርቄ ያንን ቅርጽ ማየቱ ቀላል አልነበረም።

ቱቦውን ከጫፉ፣ ከመሀሉና ከረጢቱ ከሚገጥምበት በኩል አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እያደረግሁ ቆረጥኩ። እያንዳንዱን ቁራጭ በንጹሕ የጨው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ፤ ይህ የሚዋኙትን አጥቦ የተጣበቁትን ብቻ ያስቀራል። ቀጥሎ የተጣበቁትን የሚያላቅቅ የድምፅ ሞገድ መታጠቢያ ያስፈልጋል፤ ላብራቶሪው ይህ የለውም። የጥርስ ክፍሉ ግን መሣሪያዎቹን የሚያጥብበት አንድ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ታካሚ ሲያልቅ ለአምስት ደቂቃ ተጠቀምኩበት። ለጥናቴ በሙሉ የሠራሁት በዚያ ውሰት ነው፤ የጥርስ ክፍሉ ባልደረቦቼ አንድም ቀን አልከለከሉኝም።

በማግስቱ የደም አጋሩን፣ ማለትም ደም የተቀላቀለበትን የባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ ሳወጣ ፕሮቲየስ ሳህኑን በሙሉ ሸፍኖታል። ጠጠር እንደተወረወረበት ኩሬ ቀለበት በቀለበት እየሆነ ይስፋፋል። ይህ መርመስመስ ቱቦ ላይም ይጠቅመዋል፤ በላቴክስና በሲሊኮን ገጽ ላይ በቡድን ተያይዞ ወደ ፊኛ መውጣት የሚችል ባክቴሪያ ነው። የደም አጋሩን ብቻ የሚያይ ሰው ከሥሩ ሌላ መኖሩን አያውቅም። ማኮንኪ አጋር በሚባለው ሌላ ማሳደጊያ ላይ ግን ፕሮቲየስ እንዲያ መስፋፋት ስለማይችል ክሌብሲየላው ወፍራም፣ ሮዝ፣ የሚያንጸባርቅ ሆኖ ብቅ አለ። በሦስቱም ቁራጮች ላይ ሁለቱም ነበሩ። ጫፉ ላይ ፕሮቲየስ በዝቷል፤ ከረጢቱ በሚገጥምበት በኩል ክሌብሲየላ።

ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ በትንንሽ ጉድጓዶች ባለው ሳህን አሳድጌ በክሪስታል ቫዮሌት ቀለም አቀለምኳቸው። ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ ከታጠበ በኋላ ግድግዳው ላይ የቀረው ቀለም የተጣበቀውን መጠን ያሳያል። ለኤች አይ ቪና ለጉበት ምርመራ በምንጠቀምበት የኤላይዛ ማንበቢያ አነበብኩት። ክሌብሲየላው ጠንካራ፣ ፕሮቲየሱ መካከለኛ ባዮፊልም ሠሪ ሆነው ተመደቡ። በዚያ ሳምንት መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋና ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ኢንኩቤተሩ ስለቀዘቀዘ ሥራውን ሦስት ጊዜ መድገም ነበረብኝ።

የእናቱን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። ከቱቦው መሀል ሁለት ተመሳሳይ ቁራጮች ወሰድኩ። አንዱን በተራ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሾርባ ውስጥ፣ ሌላውን የሚዋኙትን ለመግታት ከሚበቃው መጠን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሜሮፔኔም ባለበት ሾርባ ውስጥ አሳደርኩ። በማግስቱ ሁለቱንም አጥቤ፣ አላቅቄ ዘራሁ። መድኃኒት ውስጥ ያደረው ቁራጭ ላይ ቁጥራቸው ወርዷል። አልጠፉም።

የዲስክ ምርመራዬ ውሸት አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ሌላ ኑሮ ነው። በሳህኑ ላይ የምንዘራው ባክቴሪያ ምግብ የተትረፈረፈለት፣ ገና በፍጥነት የሚባዛ ነው። ሜሮፔኔም የሚገድለው ባክቴሪያው ግድግዳውን ሲሠራ ነው፤ እያደገ ያለውን ያገኘዋል። ባዮፊልም ውስጥ ከታች ያሉት ምግብና አየር ስለሚያንሳቸው እድገታቸውን ያቆማሉ፤ ግድግዳ የማይሠራን መድኃኒቱ ምኑን ይይዘዋል? በዙሪያቸው ያለው ሽፋን የስኳር ሰንሰለት፣ ፕሮቲንና ከሞቱት የወጣ ዲኤንኤ ድብልቅ ነው። እንደ ጄንታሚሲን ያሉ መድኃኒቶች እዚያው ሽፋን ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችም እዚያ ይጠራቀማሉ፤ የሰውነት ነጭ የደም ሴሎች ሊውጧቸው አይችሉም። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከሚዋኘው ወንድሙ ይልቅ እስከ 1000 እጥፍ መድኃኒት ሊቋቋም እንደሚችል በተደጋጋሚ ተጽፏል። ይህ ደግሞ ከተለመደው መድኃኒት መላመድ ይለያል፤ ከቱቦው ተላቆ ሲዋኝ እንደገና ተሸናፊ ይሆናል። ለዚህ ነው ትኩሳቱ በሁለት ቀን የወረደው፤ ለዚህም ነው መድኃኒቱ በቆመ በሦስተኛው ቀን የተመለሰው።

ሆላንዳዊው የማይክሮስኮፕ ሠሪ ሊዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር በሌንሱ አይቶ ሲጽፍ ያያቸው እንዲህ ተሰባስበው የሚኖሩ ነበሩ። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን አንድ በአንድ እየለየን፣ በሾርባ ውስጥ እያዋኘን ነው ያጠናናቸው። የላብራቶሪ ወረቀታችንም እስከ ዛሬ የሚናገረው ስለሚዋኙት ነው።

ለምን 23 ቀን ቆየ?

ይህ ክፍል ከባክቴሪያው ይልቅ አሳስቦኛል።

የነርሶቹን መዝገብ ቀን በቀን አነበብኩ። እስከ 5ኛው ቀን ድረስ የሽንት መጠን በየሰዓቱ ተመዝግቧል። ከ6ኛው ቀን ጀምሮ የሚመዘገበው በየፈረቃው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቱቦው የገባበት ምክንያት በ6ኛው ቀን አብቅቷል፤ ቱቦው ግን ሌላ 17 ቀን ቆየ። በሐኪሞቹ የጠዋት ዙር ማስታወሻ ላይ ስለ መተንፈሻ ማሽኑ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ምግቡ በየቀኑ ተጽፏል። ስለ ሽንት ቱቦው በ23 ቀን ውስጥ አንድ ቃል የለም፤ እስኪዘጋ ድረስ። ቱቦ በገባ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ በወሩ መጨረሻ ያልያዘው ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

ነርሶቹን ግን ቸልተኞች የሚል ሰው በዚያ ክፍል አንድ ሌሊት ይደር። ስድስት አልጋ፣ ሁለት ነርስ። ራሱን የማያውቅ ሰው ቱቦው ከወጣለት አልጋው በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይረጥባል። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንሶላው የተቆጠረ ነው። በእርጥብ አንሶላ ላይ የተኛ ሰው ጀርባው ይቆስላል፤ የጀርባ ቁስልም ይገድላል። ከውጭ የሚጠለቀው የኮንዶም ዓይነት ቱቦ ለወንድ ታካሚ ጥሩ ምትክ ነው፤ በዚያ ወር በመጋዘን አልነበረም። ቱቦውን የመተው ውሳኔ ስንፍና አልነበረም፤ አንድም ሰው ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፤ በራሱ ቀጠለ እንጂ።

በብር ወይም በመድኃኒት የተለበጠ ቱቦ ይግዙ የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ ውጤቱ የታተመው ትልቅ ሙከራ ለአጭር ጊዜ ቱቦ በገባላቸው ታካሚዎች ላይ በብር የተለበጠው ቱቦ ምልክት ያለውን ኢንፌክሽን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ለእኛ ዓይነት ሆስፒታል ገንዘቡ አንሶላ ላይ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። በየቀኑ ጠዋት ይህ ቱቦ ዛሬ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቱቦው ከተቀየረ በኋላ

አዲስ ቱቦ ገባለት፤ ናሙናው የተወሰደው ከአዲሱ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቱቦ ካለ መጀመሪያ ቀይሮ፣ ከአዲሱ ናሙና መውሰድ የሚለው የአሜሪካ ተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር ምክር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው፤ ከአሮጌው ቱቦ የምንቀዳው የቱቦውን ነዋሪዎች ነው፤ ፊኛው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አይነግረንም። ከአዲሱ ቱቦ ያደገው ፕሮቲየስ ብቻ ነበር፤ ለሲፕሮፍሎክሳሲንም ተሸናፊ ነበር። በደም ሥር ተጀመረለት። ከሜሮፔኔም ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ሩቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ እድሩ አላዋጣም። በ25ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ አልተመለሰም።

በ26ኛው ቀን ከመተንፈሻ ማሽኑ ተላቀቀ። በ29ኛው ቀን ሐኪሙ የሽንት ቱቦውን ጨርሶ አስወጣው፤ ያን ዕለት ከሌላ ሆስፒታል የኮንዶም ቱቦ በውሰት መጥቶ ነበር። ሽንቱን ለሁለት ቀን አየነው፤ ጠራ። ከዚያ በኋላ አንድ ሐኪም ለማረጋገጥ ብሎ ካልቸር ላከ፤ ጥቂት ባክቴሪያ አደገ። ትኩሳት የለውም፣ ሕመም የለውም። እንዲህ ያለውን ማከም አዲስ የማይበገር ባክቴሪያ መጥራት ስለሆነ ሳይታከም እንዲተው ተስማማን። በ35ኛው ቀን ወደ ተራ ክፍል ተዛወረ። ቀኝ እጁ ደክሟል፤ ቃላት ፈልጎ እስኪያገኝ ይዘገያል። እናቱን ግን ይጠራል።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እናቱ በላብራቶሪው በኩል አለፉ። ፌስታሉ አሁንም በእጃቸው ነበር። ያን ቀን ያልጨረስኩትን መልስ ጨረስኩላቸው፤ መድኃኒቱ የገደለውን ገድሏል፣ ቱቦው በ13ኛው ቀን አብሮ ቢወጣ ኖሮ ሳይበቃ አይቀርም ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እኔ የመለስኩት ናሙና ሦስት ቀን ወስዷል አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «አንተ ነህ የመለስከው?» አሉ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩና «በል፣ ለሚቀጥለው እወቅበት» ብለው ልጃቸው ወዳለበት መኪና ሄዱ።

የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ያመለከትኩት በዚያው ሳምንት ነው። መስመሩ «ቱቦ ካለ፣ የገባበት ቀን» ይላል። የፅኑ ሕሙማን ክፍሏ ኃላፊ ነርስ ሐሳቡን ሰምታ «መስመር መጨመር ይቻላል፤ በሌሊት ማን መዝገብ ገልጦ ቀኑን ፈልጎ ይሞላዋል?» አለችኝ። ልክ ነበረች። እሷው መላውን አመጣች፤ ቱቦ ያስገባ ሰው በነጭ ፕላስተር ላይ ቀኑን ጽፎ ከረጢቱ ላይ ይለጥፍ፤ ናሙና የሚቀዳው ሰው ዓይኑ ሥር ያገኘዋል። የጠዋቱን ዙር የሚያደርገው ሐኪምም ሳይፈልግ ያየዋል።

አዲሱ ቅጽ ሥራ ላይ በዋለ በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ቁጥር 2 የሽንት ናሙና መጣ። ቱቦው የገባበት ቀን የሚለው መስመር ባዶ ነበር። ናሙናውን ከመዝራቴ በፊት ስልኩን አነሣሁ።